አዝርዕታችን መከላከያቸውን ከየት አገኙት?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ ስም የቀረበ ንግግር

የሳይንስ ክበባችን በዚህ በዓል ላይ እንድናገር በመረጠኝ ጊዜ፥ ስለ ምን ብናገር ከተማሪው አልፎ ለወላጆቻችንም ይጠቅም ይሆን ብዬ ብዙ አሰብሁ። ስለ ጠፈርና ስለ ኮምፒዩተር ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ ጓደኞች አሉን። እኔ ግን በየቀኑ ወደ መሶባችን፥ ወደ ድስታችንና ወደ ጀበናችን ስለሚገባ ነገር መናገርን መርጫለሁ። ይኸውም አዝርዕት ከጠላቶቻቸው የሚጠበቁበት የተፈጥሮ መርዝ ነው። መርዙን መሥራት እንዴት ሊሆንላቸው ቻለ? እኛስ ከዚያ መርዝ ጋር እንዴት እንኑር? ብዬ ነው የምጠይቀው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ሁላችሁም እንደምታውቁት ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ጠላት አለው። ሚዳቋ ነብር ሲመጣባት ትሮጣለች፤ ጃርት እሾኋን ታቆማለች፤ ሰውም ሲጨንቀው ኡኡ ብሎ ጎረቤቱን ይጠራል። ተክል ግን ሥሩ መሬት ይዞታልና አይሮጥም፤ የሚጮኽበትም አፍ የለውም። አባጨጓሬው፥ ነቀዙ፥ ሻጋታው፥ ፍየሉም ሳይቀር ከቆመበት ቦታ ድረስ ይመጡበታል። ይህ ሁሉ ጠላት እያለ ምድር እስከ ዛሬ አረንጓዴ ሆና መቆየቷ የሚያስደንቅ ነው። ምስጢሩም ተክል በቅጠሉ፥ በሥሩና በፍሬው ውስጥ ለጠላቱ የሚመር ወይም የሚገድል ቅመም የሚሠራ መሆኑ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከጉለሌ መውጣት አያስፈልገንም። ወደ ሰሜን ቀና ብለን የእንጦጦን ተራራ ብናይ ባሕር ዛፉ ሞልቶበታል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ቅጠሉ ለጉንፋን የምንታጠንበትን ዘይት የያዘ ነው፤ ያ ዘይት ለዛፉ ጋሻው ነው። ፍየል ሌላውን ቁጥቋጦ ሁሉ ስትመለምል የባሕር ዛፍን ቅጠል ብዙ ጊዜ አትደፍረውም። ታላላቆቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው እንዶድም እንዲሁ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣውም የቢልሃርዝያን በሽታ አስተላላፊ ስለ ሆነ ከዚያ ተነሥተው ታላቅ ምርምር አደረጉ። እንዶድ የአረፋውን ቅመም የሠራው ግን ለእኛ ነጠላ ብሎ አይደለም። እኛ በሰው ጋሻ ልብስ አጠብንበት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ተክል ኬሚስትሪ ያስተማረው ማን ነው?

ማንኛውም ሕያው ፍጥረት የሚሠራውን ሁሉ የሚሠራው በሴሎቹ ውስጥ በተጻፈ ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ጂን ይባላል። ብዙዎቹ ጂኖች ኢንዛይም ለሚባለው ሠራተኛ መሥሪያ ናቸው፤ ኢንዛይሙም አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ ይለውጣል። ነገሩን ለማስረዳት የሸማኔን ሥራ በምሳሌ ላንሣ፤ ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋልና። አንድ የሽመና ዕቃ ብቻ ያለው ሸማኔ በእርሱ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበትን ነጠላ ይሠራል እንጂ ሊጫወትበት አይችልም። ቢሳሳት ቤተ ሰቡ ጦሙን ያድራል። ሁለተኛ ዕቃ ቢያገኝ ግን በአንደኛው የለመደውን ነጠላ እየሠራ፥ በሁለተኛው አዲስ ጥለት መሞከር ይችላል። ከሙከራው የሚበዛው ክር ማባከን ይሆናል። አንድ ቀን ግን ገበያ የሚሻማበት ጥለት ይወጣለታል።

በተክልም ውስጥ የሚሆነው ይህን ይመስላል። ሴል ትእዛዙን ሲገለብጥ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ጂን ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። የመጀመሪያው ቅጂ የድሮውን ሥራ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት በመሆኑም ስሕተት ቢገባበት ተክሉ አይሞትም። ከእነዚህ ቅጂዎች አብዛኞቹ ተበላሽተው ይቀራሉ። ጥቂቶቹ ግን በተገኘው ስሕተት ምክንያት አዲስ ነገር ይሠራሉ፤ ያ አዲስ ነገር አባጨጓሬውን የሚያስመርር ከሆነ ያ ተክል ከጎረቤቶቹ ይልቅ ብዙ ዘር ይጥላል። ከብዙ ሺህ፥ አልፎም ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ሜዳው ሁሉ የእርሱ ልጆች ይሆናል። ተክሉ አስቦና አቅዶ ያደረገው አንዳችም ነገር የለም። ገበሬ ከአውድማው ላይ ደኅናውን ዘር መርጦ እንደሚያስቀር፥ እዚህ መራጩ ነቀዙና አባጨጓሬው ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ በበቆሎ ላይ የተገኘውን ልንገራችሁ። ለጋ በቆሎ ነፍሳትንና ሻጋታን የሚከላከል ቅመም በውስጡ አለው። በ1997 ይህን ቅመም የሚሠሩት አምስት ጂኖች ታወቁ፤ አምስቱም በአንድ ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከእነርሱ የመጀመሪያው ሲመረመር፥ ትሪፕቶፋን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ለመሥራት ከሚያገለግለው ከጥንቱ ጂን የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ። ትሪፕቶፋን ለማንኛውም ተክል የዕለት እንጀራ ነው። እንጀራ ይጋግር የነበረው ጂን ግልባጭ ጦር መቀጥቀጥ ጀመረ እንደ ማለት ነው።

ከእኛ አገር እህል ደግሞ የጎጃሙን ግብጦ እንውሰድ። ግብጦ በጣም መራራ ነው። ምሬቱ አልካሎይድ ከሚባሉት ቅመሞች የመጣ ሲሆን፥ እነርሱም የሚሠሩት ላይሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ጃፓናውያን ሊቃውንት በ2012 እንዳሳዩት ይህን ሥራ የሚጀምረው ኢንዛይም ቀድሞ በሌላ አሚኖ አሲድ ላይ ብቻ ይሠራ ከነበረ ኢንዛይም የወጣ ነው፤ ሥራውን ለመለወጥ በወሳኙ ቦታ ላይ የአንዲት ቅንጣት መለዋወጥ ትልቅ ድርሻ ነበራት። የጎጃም ገበሬ ይህን ሁሉ ሳይሰማ መፍትሔውን ከአባቶቹ አግኝቷል። ግብጦውን ይቆላል፤ በወራጅ ውኃ ውስጥ ለብዙ ቀን ይዘፈዝፋል፤ ምሬቱ ታጥቦ ሲሄድ ይበላዋል። አረቄም ያወጣበታል። በጀርመን አገር ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምሬት የሌለው ግብጦ ተመርጦ ወጥቷል። ነገር ግን ጋሻውን የጣለ ወታደር ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ፤ ጣፋጩን ግብጦ ተባዩም ይወደዋል።

አሁን ወደ ቡና እንምጣ፤ ቡና ተፈልቶ ሳለ ስለ ሌላ ማውራት ነውር ነውና።

ቡና የሚያነቃን ካፌይን በሚባል ቅመም ነው። ፍየሎቹ ቀምሰው ጨፈሩ የሚባለውን ተረት ሁላችን እንወደዋለን። ሆኖም ካፌይን ፍየል ለማስጨፈር የተሠራ አይደለም። በ1984 በአሜሪካ የወጣ አንድ ምርምር ካፌይን የአባጨጓሬን ምግብ መብላት የሚከለክልና መጠኑ ሲበዛ የሚገድል መሆኑን አሳየ። ከዚህ ሌላ ከሚረግፈው ቅጠልና ከፍሬው ወደ አፈር ሲገባ ሌሎች ዘሮች በአጠገቡ እንዳይበቅሉ ያግዳል። በ2013 ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር ታወቀ፤ በቡና አበባ ማር ውስጥ ጥቂት ካፌይን አለና፥ ንብ ያን ስትቀምስ የአበባውን ሽታ አጥብቃ ታስታውሳለች፤ ተመልሳም ትመጣለች። ያው አንዱ ቅመም ለጠላት መርዝ፥ ለወዳጅ ማስታወሻ ሆነ። እንደ እኔ አስተያየት በዚህ ረገድ ቡና ከብዙ ሰው ይበልጣል።

ካፌይን የሚሠራው በአንድ ንጥረ ነገር ላይ ሜቲል የሚባለውን ትንሽ ቅንጣት ሦስት ጊዜ በመለጠፍ ነው። ለየለጠፋው ኢንዛይም አለ። በ2014 የሮቡስታ ቡና ጠቅላላ የጂን መዝገብ ተነበበና ወደ 25,500 የሚጠጉ ጂኖች ተቆጠሩ። የለጣፊዎቹ ኢንዛይሞች ጂኖችም እንደ በቆሎው ከግልባጭ ላይ ግልባጭ እየተጻፉ የበዙ ሆነው ተገኙ። ሻይና ካካዎም ካፌይን አላቸውና ሊቃውንቱ ጂኖቻቸውን ከቡና ጋር አስተያዩ። የቡናው ለጣፊዎች ከሻይና ከካካዎ ለጣፊዎች ይልቅ እርስ በርሳቸው ይዛመዳሉ። ከዚህ የሚከተለው ቡና ካፌይን መሥራትን ከሻይ ጋር ከተካፈለው አያት አልወረሰም፤ ለብቻው ደረሰበት ማለት ነው። ሦስት ሸክላ ሠሪዎች አንዷ በቀጨኔ፥ አንዷ በጎንደር፥ አንዷ በጅማ ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ጀበና ቢሠሩ፥ ጀበና የሚጠቅም ዕቃ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንሻለን?

ጠላትም ዝም ብሎ አይቀመጥም። የቡናን ፍሬ ሰርስራ የምትገባ አንዲት ትንሽ ጢንዚዛ አለች። ለእርሷ መጠን የፍሬው ካፌይን ገዳይ መሆን ነበረበት። በ2015 ሲመረመር ግን በአንጀቷ ውስጥ ካፌይኑን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ ታወቀ።

ስለ ቡና ሳነሣ የማላልፈው አንድ ታሪክ አለ። በ1964 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑካን ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰበሰቡ። ዘሩ ወደ ኮስታ ሪካ፥ ከዚያም ወደ ብራዚል ሄደ። በ2004 የብራዚል ሊቃውንት ከኢትዮጵያ የመነጩ ሦስት ሺህ ያህል የቡና ዛፎች መርምረው ካፌይን የሌላቸው ያህል የሆኑ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። በእነዚህ ዛፎች ውስጥ የመጨረሻው ለጠፋ አይከናወንም፤ ካፌይን ከመሆኑ በፊት ያለው ቴዎብሮሚን ተጠራቅሞ ይቀራል። ካፌይን የማይስማማው ሰው በዓለም ላይ ብዙ ስለ ሆነ ይህ ዛፍ ሀብት ነው፤ ዜናው እንደ ተሰማ የዘሩ ባለቤት ማን ነው የሚል ክርክር ቢነሣ አያስደንቅም። አገራችን የዘር ማከማቻዋን ያቋቋመችው በ1976 ነው፤ ስለ ዘረ ሀብት አጠቃቀም የሚደነግገውም አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ2006 ነበር። ዘሩ ከዚያ በፊት ወጥቷል። እኔ የምቆጨው ብራዚላውያኑ በማግኘታቸው አይደለም፤ ሦስት ሺህ ዛፍ አንድ በአንድ የመመርመር ትዕግሥት ያሳዩት እነርሱ ናቸውና። የምቆጨው ዛፎቹ በእኛ ጫካ ሲኖሩ እኛ ስላልጠየቅናቸው ነው።

ማሽላን በአጭሩ ላንሣ። ለጋ ማሽላ ሲበላ በከብቱ ሆድ ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን ገዳይ መርዝ ያወጣል፤ ድርቅ የመታውን ለጋ ማሽላ የበላ ከብት መሞቱን ገበሬዎቻችን ያውቁታል። ነገር ግን ማሽላ ሌላ ጠላት አለው፤ አቀንጭራ ነው። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና፥ ከማሽላው ሥር የሚወጣውን ቅመም ሲያሸት ነቅቶ ሥሩ ላይ ይጣበቃል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የወሎንኮሚ ተወላጅ ሲሆኑ፥ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት የታወቁ ናቸው። በ2017 የመቋቋሙ ምክንያት ተገለጠ፤ በዚህ ማሽላ ውስጥ አንድ ጂን ስለ ጎደለ ከሥሩ የሚወጣው ቅመም ተለውጦ አቀንጭራውን አይቀሰቅሰውም። እንግዲህ መከላከያ ሁሉ አዲስ ጂን በማግኘት አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ ዝም ማለትም ይከላከላል።

ከሁሉ አስበልጬ ልናገርለት የመጣሁት ግን ጓያን ነው።

ጓያ መሬቱ ውኃ ሲተኛበትም፥ ዝናብ ሲቀርም ከሌላው እህል ይልቅ ይጸናል። ገበሬው ክረምቱ ሲወጣ በመረሬ መሬት ላይ ይዘራዋል፤ ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ርካሽ ስለ ሆነ በሽሮ ውስጥ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ይደባለቃል። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ግን ጓያ ብቻውን ይቀራል፤ መከራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ለሁለት ለሦስት ወር ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይደነድናል፤ ጉልበቱ ይታሰራል፤ በምርኩዝ መሄድ ይጀምራል፤ ሲብስበት በመቀመጫው ይሳባል። አንዴ ከተሰበረ አይድንም። የሚበዙትም ወጣቶች፥ በተለይም ወንዶች ናቸው። በደምብያና በፎገራ ያለውን ሁኔታ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው አጥንተው በ1990 አሳትመውታል። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት ድርቅ ሌላውን እህል ባጠፋ ጊዜ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ደዌ ተያዙ።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ ማድሪድ ስትራብ ሕዝቡ የጓያ ገንፎ ይበላ ነበር፤ አንድ ሠዓሊም ገንፎውን የሚበሉትን ሰዎች በሥዕል አስቀርቷቸዋል፤ ከእነርሱ አንዷ ሴት መሬት ላይ ወድቃለች። የሠዓሊው ስም ጎያ ነው፤ የስሙ መመሳሰል ግን እንዲያው አጋጣሚ ነው።

መርዙን በ1964 ሕንዳውያን ሊቃውንት ከጓያ ፍሬ ለይተው አወጡት፤ በአጭሩ ኦዳፕ ይባላል። ኦዳፕ ግሉታሜት የሚባለውን፥ ነርቭ ለነርቭ የሚላላክበትን ንጥረ ነገር ይመስላል። በር የሚከፍተው ቁልፍ ሌባ እጅ እንደ መግባት ነው፤ ነርቩ ሳያቋርጥ ሲቀሰቀስ ይጎዳል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ጓያ ይህን ቅመም የሚሠራበት መንገድ ከላይ ካልነው የተለየ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ከሚሠሩት ኢንዛይሞች ቤተ ሰብ በሆነ ኢንዛይም ነው። የመጨረሻውን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም በቅርብ ዓመታት የታወቀ ሲሆን፥ እርሱም በሌሎች ተክሎች የአበባ ሽታ ከሚሠሩት ጋር ይዛመዳል። ሽታ የሚቀምም ቤተ ሰብ አንዱ ልጁ መርዘኛ ወጣ። መርዙ ለተክሉ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የተረጋገጠው ግን ድርቅ ሲበረታበት በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ የሚጨምር መሆኑ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰው ጓያ ብቻ በሚበላበት ዓመት ጓያው ራሱ ከምን ጊዜውም የከፋ ይሆናል።

ታዲያ ጓያ ይከልከል? በ1671 የቩርተምበርግ መስፍን በአዋጅ ከልክሎት ነበር። እኔ ግን በአዋጅ የሚሆን አይመስለኝም። ሌላ የሚበላ የሌለውን ሰው ይህን አትብላ ማለት ጦምህን እደር ማለት ነው። የተሻለውን መንገድ ያሳዩን ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ጓደኞቻቸው ናቸው። በደላንታ ታማሚዎችንና ጤነኞችን ቤት ለቤት እያስተያዩ ምን ምን ይበሉ እንደ ነበር ጠየቁ፤ ውጤቱንም በ2003 አሳተሙ። ጓያን በንፍሮና በእሸት የበላ ሰው ለደዌው ይበልጥ ይጋለጣል። ዱቄቱን ከሌላ እህል ጋር ደባልቆ ጋግሮ የበላ፥ ወይም ወጡን በሽንኩርት፥ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የሠራ ግን አደጋው በብዙ ይቀንስለታል። ምክንያቱም ጓያ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ይጎድሉታል፤ ጤፍና ሌላው የብርዕ እህል እነዚያን ይሞላለታል። እናቶቻችን በነጭ ሽንኩርት ላይ የማይቆጥቡት ለጣዕም ብቻ እንዳልሆነ አሁን ይታወቅላቸው። ብዙ ሰው ደግሞ ደዌው ከሚፈላው ጓያ እንፋሎት የሚመጣ ይመስለዋል፤ ከእንፋሎቱ ግን አይመጣም፤ ከመብላቱ ነው።

ሌላው መንገድ ዘሩን ማሻሻል ነው። ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል ዋሴ የተባለ መርዙ ያነሰ የጓያ ዘር ወጥቷል። ችግሩ ንብ ናት። ዋሴ ከተዘራበት ማሳ አጠገብ የድሮው ጓያ ካለ፥ ንብ ከዚያ ወደዚህ እየተመላለሰች ታዳቅላቸዋለች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም መርዙ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ብቻውን ዘር ቢለውጥ በቂ አይሆንም፤ መንደሩ በሙሉ አብሮ መለወጥ አለበት። የጓያ የጂን መዝገብ ከሰው በእጥፍ የሚበልጥ ከስድስት ቢሊዮን በላይ ፊደል ያለው ሲሆን ከ2020 ወዲህ እየተነበበ ነው። የመርዙን የመጨረሻ ጂን ዘግቶ፥ ድርቅ የሚችልበትን ኃይል ሳይነኩ መተው ይቻል ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ምናልባት ዛሬ ከዚህ አዳራሽ በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ንግግሬ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ይሆናል።

በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ክበባችን በአራት ሳሕን ጥሬ ቡና፥ ማሽላ፥ ጓያና ግብጦ አስቀምጧል። ጓያውን ከሽምብራው ለይታችሁ እንድታውቁት፥ እንደ ሽብልቅ ሹል የሆነውን ጎኑን ተመልከቱ። ግብጦው ገና ያልተዘፈዘፈ ስለ ሆነ ግን እባካችሁ ማንም እንዳይቀምሰው።